እንግዳውን የማይመርጥ ቤት

ወጣቶች ሆይ፣ «መጠጥ ቤት» ሲባል ወደ አእምሯችሁ ምን እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። በእንግሊዝ ገጠር «ፐብ» የሚሉት ቤት ግን ከመጠጥ ያለፈ ታሪክ አለው። ስሙ «የሕዝብ ቤት» ከሚል ሐረግ ያጠረ ነው፤ መንገደኛውም ነጋዴውም የመንደሩ ሰውም የሚገባበት ቤት ማለት ነው። እስቲ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን አብረን እንመልከት። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ «ጆርጅ ኢን» ይባላል። ከባዝ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በሱመርሴት አውራጃ፣ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ በምትባል መንደር ይገኛል። ማን ሠራው ብትሉ መልሱ ያስገርማችኋል፤ የገዳም ሰዎች ናቸው። በ1232 በአቅራቢያው በሂንተን የካርቱዚያን ገዳም ተመሠረተ። የዚህ ማኅበር መነኮሳት እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ለብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ የሚኖሩ ነበሩ። ታዲያ ዝምታን የመረጡ ሰዎች ጫጫታ የማይለየው ቤት ለምን አስፈለጋቸው? ምክንያቱ የበግ ጠጉር ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ዋናው እርሱ ነበር፤ በመንደሯም በየዓመቱ የጠጉር ገበያ ይቆም ነበር። ስለዚህ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጠጉሩ የሚከማችበት፣ ነጋዴውም የሚያድርበት ቤት ተሠራ።

በ1539 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳሙን ዘጋው። ገዳሙ ፈረሰ፤ የእንግዳ ማረፊያው ግን ቆሞ ቀረ።

ከሁሉ የከበደው ዘመን የመጣው በ1685 ነው። በዚያ ዓመት ካቶሊኩ ጄምስ 2ኛ ነገሠ። የወንድሙ ልጅ የሞንመዝ ዱክ «የፕሮቴስታንት እምነት ጠባቂ እኔ ነኝ» በማለት ዙፋኑን ለመንጠቅ ተነሣ። ብዙ ሸማኔዎች፣ ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ተከተሉት። ከመካከላቸው ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ በማምለካቸው ሲሳደዱ የኖሩ ብዙዎች ነበሩ። ሰኔ 26 ሠራዊቱ መንደሯ ደረሰ፤ ዱኩም በጆርጅ ኢን ሰፈረ። በማግስቱ የንጉሡ ጦር ቢመጣባቸውም መልሰው ገፉት። ሐምሌ 6 ግን በሴጅሙር ሜዳ ድል ሆኑ።

ዱኩ ተያዘ። በአጎቱ እግር ሥር ወድቆ ምሕረት ለመነ፤ ሆኖም ሐምሌ 15 አንገቱ ተቀላ። ተከታዮቹስ? ዳኛ ጄፍሪስ በየከተማው ችሎት እየተቀመጠ በመቶዎች የሚቆጠሩትን በሞት ቀጣ፤ ሌሎች በመቶዎች የሚቆጠሩም ለግዳጅ ሥራ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተጋዙ። በኖርተን ሴንት ፊሊፕ 12 ሰዎች እንደ ተገደሉ ይነገራል። የአካባቢው ትውፊት ዳኛው ችሎቱን የዘረጋው በዚሁ በጆርጅ ኢን ነበር ይላል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1688፣ ጄምስ ዙፋኑን አጣ። በ1689 ደግሞ ፓርላማው ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ፕሮቴስታንቶች በነጻነት እንዲያመልኩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። እነዚያ ሸማኔዎች የናፈቁት የአምልኮ ነጻነት ያለ ዱኩ መጣ፤ ከመካከላቸው የተገደሉት ግን አላዩትም። ጥማታቸው እውነተኛ ነበር። ያ ጥማት ግን ዘውድ ለሚፈልግ ሰው መሰላል ሆነ።

ጆርጅ ኢን ዛሬም ቆሟል፤ በእንግሊዝ ከፍተኛው የቅርስ ጥበቃ ደረጃ ተሰጥቶታል። የመነኮሳቱን ነጋዴ፣ የሸፈተውን ዱክ፣ እንደ ትውፊቱም ፈራጁን ዳኛ በአንድ በር አስገብቷል። ቤት እንግዳውን አይመርጥም። ሰው ግን የሚከተለውን መምረጥ ይችላል። «ስለ እምነታችሁ ተነሡ» የሚል ድምፅ በሰማችሁ ጊዜ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ ይህ ሰው የሚፈልገው የእኛን ነጻነት ነው ወይስ የራሱን ዙፋን?