ጅራት ሰፊው አጎት

ሠላሳ ዓመት ሱሪ ሳሳጥርና ቬሎ ሳጠብብ ስኖር፣ ጅራት ስፋልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ባለፈው በጋ የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሲል ሱቄ ድረስ መጥታ፣ «አጎቴ፣ የሜርሜድ ጅራት ትሰፋልኛለህ? ግን የሚዋኝ!» አለችኝ። ከወገብ በላይ ሴት፣ ከወገብ በታች ዓሣ የሆነችውን የተረት ፍጡር ማለቷ ነው። ያስቸገረችኝ «የሚዋኝ» የምትለዋ ቃል ናት። ለፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

የምንኖረው ሲድኒ ነው። ልጅቷ ዋና የተማረችው በማሪክቪል፣ ኤንሞር ፓርክ ውስጥ ባለው በአኔት ኬለርማን ስም በተሰየመው ገንዳ ነው። ስንት ጊዜ አድርሻት ስመለስ፣ ሴትየዋ ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም ነበር። ለካ የጅራት ስፌት እናት እሷው ኖራለች። በ1886 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እዚሁ ሲድኒ ተወለደች። በልጅነቷ እግሯ ደካማ ስለነበር በብረት ድጋፍ ነበር የምትራመደው፤ ዋና ያስጀመሯትም እግሯ እንዲጠነክርላት ነው። ጠነከረላትና በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር በዋና ለማቋረጥ ሦስት ጊዜ እስከ መሞከር ደረሰች፤ ባይሳካላትም። ከዚያ ወደ ሲኒማ ገባችና በ1911 «ዘ ሜርሜይድ» በተባለ ፊልም ላይ ሊዋኝበት የሚችል ጅራት አጥልቃ ታየች። እግሯ በብረት ታስሮ ያደገች ሴት፣ በገዛ ፈቃዷ ሁለቱን እግሯን በአንድ ከረጢት ከታ ውኃ ገባች። በ1914 ቤርሙዳ ውስጥ ሌላ ፊልም ስትሠራ የሚቀረጹበት የመስተዋት ገንዳ ፈንድቶ እሷም ዳይሬክተሩ ኸርበርት ብሬነንም ተጎድተዋል።

የጅራት ልብሶቿን ንድፍ የምታወጣው ራሷ ነበረች። እንደ ልብስ ሰፊ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። በዚያ ዘመን የዋና ልብስ ሱፍ ነበር፤ ሱፍ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይንዘላዘላል። የሚለጠጥ ጨርቅ እንደ ዛሬው በጥቅል አይሸጥም ነበር።

ነገሩን እየተከታተልኩ ስሄድ፣ ለጅራት ተብሎ የተፈለሰፈ ቁስ አለመኖሩን አየሁ። ሁሉም ከሌላ ሥራ ብድር ነው። በ1948 እንግሊዝ ውስጥ «ሚራንዳ» ለተባለው ፊልም የግሊኒስ ጆንስን ጅራት የሠራው የመኪና ጎማ አምራቹ ደንሎፕ ነው! መርካቶ ያደገ ሰው አይገርመውም፤ ከጎማ በረባሶም የጉድጓድ ውኃ መቅጃም ሲሠራ አይቷል። በዚያው ዓመት ሆሊውድ ውስጥ የሜካፕ ባለሙያው በድ ዌስትሞር ለተዋናይት አን ብላይዝ የስፖንጅ ጎማ ጅራት አዘጋጀላት። የዚያ ፊልም የውኃ ውስጥ ትዕይንት የተቀረጸው ፍሎሪዳ ዊኪ ዋቺ ምንጭ ነው፤ የባሕር ኃይል ዋናተኞችን ያሠለጥን የነበረው ኒውተን ፔሪ በ1947 ትርኢት የከፈተበት፣ ሴቶቹ አየር ከቱቦ እየሳቡ ውኃ ውስጥ የሚጫወቱበት ቦታ።

እኔም በስፖንጅ ጀመርኩ፤ ከድንኳን ፍራሽ ቆርጬ መቅዘፊያ አወጣሁላት። ስፖንጅ አየር ይይዛል፣ አየር ደግሞ ወደ ላይ ይጎትታል። ልጅቷ ጥልቀት በሌለው በኩል እንደገባች እግሯ ተንሳፎ ጭንቅላቷ ወደ ታች ሄደ። ደግነቱ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ከነሱሪዬ።

ሁለተኛው ስህተቴ መቅዘፊያውን ከአክሪሊክ ፕላስቲክ መቁረጤ ነው። ግልጽ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጎንበስ ሲያደርጉት ቀጭ ይላል። ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ ግን ይታጠፍና ይመለሳል። በ2009 ኒውዚላንድ ውስጥ የፊልም ዕቃ የሚሠራው ዌታ ወርክሾፕ፣ ሁለት እግሯን በልጅነቷ ላጣች ሴት ጅራት ሲሠራላት አከርካሪውንና መቅዘፊያውን ያወጣው ከዚሁ ነው። ሥጋው ኒዮፕሪን ነበር፤ የፊዚክስ ሊቁ ሂው ብራድነር በ1952 ለባሕር ኃይል ጠላቂዎች ያሰበው የመጥለቂያ ልብስ የሚሠራበት ጨርቅ። ቆዳ የሚሆነው ላይክራ ደግሞ ከሴቶች የወገብ ማጥበቂያ የመጣ ነው፤ ጆሴፍ ሺቨርስ በ1958 ዱፖንት ውስጥ የጎማውን ክር ሊተካበት ሠራው። ሁለት እግር አንድ ላይ የሚገባበት መቅዘፊያ በሶቭየት ዋናተኞች ዘንድ የተጀመረው ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓሣ ጅራቱን ግራና ቀኝ ነው የሚያወዛውዘው። ሜርሜዶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታሉ፣ እንደ ዶልፊን። ጉልበታችን ወደ ጎን ስለማይታጠፍ ነው። ስለዚህ መቅዘፊያው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ሥሩ ጠንከር፣ ጫፉ ለስለስ ይላል። ማዕዘኑን ካላሞረዱት ጨርቁን ይበሳዋል፤ ከታች ቀዳዳ ካልተዉለት ውኃ ቋጥሮ ይወጣል።

ላይክራውን በዚግዛግ ስፌት ገጠምኩት፤ ቀጥ ያለ ስፌት ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ያስገባሁትን ዚፕ አውጥቼ ጣልኩት። እህቴ ሱቁ ውስጥ ቆማ፣ «ልጄ ቢጨንቃት በምን ትወጣለች?» ብላኝ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰፋ አደረግሁት።

ገንዳው ወስጄ ሞከርነው፤ በሁለተኛው ዙር ላይ ልጅቷ እግሯን ስትስብ ጅራቱ ወልቆ ኋላዋ ቀረ። ገንዳው ዳር የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔ ግን እንዲወልቅ ነበር የሰፋሁት። ጅራቷን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣችና፣ «አጎቴ፣ አረንጓዴ አልነበረም ያልኩህ?» አለችኝ።