የልደታ ሁለት በረዶዎች

በረዶና አውሮፕላን ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ካናዳ ወይም ወደ ሩሲያ ይሄዳል። የአዲስ አበባው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,360 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት፣ ሜዳ ላይ ያደረ ክንፍ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ አመዳይ ሊለብስ ይችላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የነበሩት ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ዳኮታዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የከተማዋ ማረፊያ ልደታ ነበር።

የአመዳይ ስስነት ያታልላል። አናጺ እንጨት እንደሚያለሰልስበት ወረቀት ሻካራ ከሆነ፣ የክንፉን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ ወደኋላ የሚጎትተውንም ኃይል እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ልደታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም ገና ከጅምሩ አቅማቸው ጎድሎ ነው የሚንደረደሩት።

ዓይን እዚህ ላይ አይታመንም። ነጭ ቀለም ላይ የተኛ አመዳይ አይታይምና አብራሪው ጓንቱን አውልቆ የክንፉን ጀርባ በመዳፉ ይዳብሳል። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ጥፋት ነው፤ ውሃው ወደ ማጠፊያዎቹ ወርዶ ዳግም ይረጋል። ክንፉን ለበጋ ፀሐይ ሰጥቶ መታገሥ ይሻላል፣ ያውም በነጻ።

ሁለተኛው በረዶ የክረምት ነው፤ የከፋውም እሱ ነው። በእርጥብ የሐምሌ ቀን፣ ውጭው 18 ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑ ሲተንና አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። እርጥበቱ እዚያው ይረጋና የሞተሩን መተንፈሻ ያንቃል። የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ ሲወርድ አብራሪው የሙቅ አየር ማንሻውን ይስባል። ያኔ ሞተሩ ይብስ ይዳከማል፤ የቀለጠው ውሃ ሲገባበትም ያስለዋል። የደነገጠ ጀማሪ ማንሻውን ሊመልስ ይችላል፤ የታገሠ ግን ዙሩ ሲያገግም ያያል።

ልደታን ያስረጀው በረዶ ሳይሆን ጄት ነው። መንደርደሪያው ለቦይንግ 720 ስላጠረ በ1955 ዓ.ም. ቦሌ ሥራ ጀመረ፤ ልደታ ለጦሩ ቀረ፤ ሰፈሩም «ኦልድ ኤርፖርት» ተባለ። ጄት ካርቡሬተር የለውም። ከትንንሾቹም አዳዲሶቹ ብዙዎች ቤንዚኑን በቀጥታ ይረጫሉ፤ አሮጌዎቹ ሴስናዎች ግን ያንን ማንሻ እስከ ዛሬ ይዘውት ይበርራሉ።