ኤሊዛ በሐኪም ወንበር፤ ስለ ተናጋሪ ኮምፒዩተርና ስለ አእምሮ ሕክምና አጭር ጥናት

በጭንቀት የተያዘ ሰው ምስጢሩን ለኮምፒዩተር መናገሩ አደጋ እንዳለበት ሲነገር ነገሩ በቅርቡ የመጣ ይመስላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን፥ አደጋው የታወቀው ኮምፒዩተሩ ገና ምንም በማያውቅበት ዘመን መሆኑን እናገኛለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም፥ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ ከበርሊን የወጣ ሰው፥ ኤሊዛ የተባለውን ፕሮግራም አስታወቀ። ፕሮግራሙ የካርል ሮጀርስን የሕክምና ስልት እንዲያስመስል ተደረገ፤ ይኸውም ሐኪሙ ምክር ሳይሰጥ የበሽተኛውን ቃል መልሶ የሚጠይቅበት ነው። ምርጫው ብልኅነት አለበት፤ እንዲህ ያለው ሐኪም ስለ ዓለም ምንም የማያውቅ ቢመስል አያስነቅፈውምና። ሰውየው «እናቴ» ብሎ ከጻፈ ስለ ቤተ ሰቡ ይጠየቃል፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቃል ካላገኘ «እባክህ ቀጥል» ይላል። ከዚህ የበለጠ ማስተዋል አልነበረውም።

ይሁን እንጂ የዋይዘንባውም ጸሐፊ፥ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ስታይ የኖረች ሴት፥ ጥቂት ቃል ከተለዋወጠች በኋላ እርሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ለመነችው። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው፤ ያሳታት አለማወቅ አይደለምና። ደግሞም ዋይዘንባውም ሰዎች ከኤሊዛ ጋር ያደረጉትን ንግግር ሁሉ ለመመርመር ባሰበ ጊዜ፥ የልባችንን ምስጢር ልትሰልል ነው ተብሎ ተወቀሰ። የጻፉበት ኮምፒዩተር በማን እጅ እንደ ሆነ እስከዚያ ድረስ ያሰቡበት አይመስልም።

በዚያው በ1966 የአእምሮ ሐኪሙ ኬኔት ኮልቢና ባልደረቦቹ፥ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር በአንድ ሰዓት ብዙ መቶ በሽተኞችን ሊያስተናግድ እንደሚችል ጻፉ። በኮልቢ ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም፤ የሐኪም እጥረቱ እውነት ነበር፥ ሐኪሙም ፈጽሞ ይተካ አላለም። ዋይዘንባውም ግን በ1976 ባወጣው መጽሐፍ፥ ኮምፒዩተር ሊሠራው ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ሲል ተቃወመ። በእኛ አስተያየት ክርክሩ አንድ ነገር ጐድሎታል፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ሲሳሳት ማን ይጠየቃል የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በ2023 በተግባር መጣ። በአሜሪካ የአመጋገብ ሕመም ያለባቸውን የሚረዳው ብሔራዊ ማኅበር፥ ሰዎች የሚመልሱበትን የስልክ አገልግሎት ሊዘጋ በተነሣበት ወራት፥ ቴሳ የተባለችው ተናጋሪ ፕሮግራም ምግብ ቀንሶ ስለ መክሳት መምከርዋ ተገለጠ። ራሱን በማስራብ ለሚታመም ሰው ይህ ምክር መርዝ ነው። ማኅበሩም በሜይ ወር መጨረሻ ቴሳን ከአገልግሎት አወጣት። ነገሩን ለሕዝብ ያስታወቀችው ግን ያንኑ ሕመም በራስዋ ያየች አንዲት ሴት ነበረች።