ክርስትናና ሃይማኖታዊ ንቅናቄዎች በሩስያውያን ዘንድ

የሩስያ ክርስትና የሚቆጠረው የኪየቩ መስፍን ቭላድሚር ከተጠመቀበት ከ988 ጀምሮ ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ሕዝብ የኬልቄዶንን ጉባኤ ከተቀበለችው ከምሥራቅ ኦርቶዶክስ ጋር ጸንቷል። ከዚህች ቤተ ክርስቲያን የተለዩት ንቅናቄዎች ግን ብዙ ናቸው። የጠቡ መነሻም አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚሠራና በአፍ የሚባል ነገር ነበር፤ በስንት ጣት ይማተባል፣ እንዴት ይሰገዳል፣ በጾም ምን ይበላል፣ የአምላክ ስም ምንድን ነው። በእነዚህ ጉዳዮች የመንግሥት እጅ በገባ ቁጥር ደግሞ አንድ ወገን ወደ ጫካ፣ ወደ ጠረፍ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ተሰዷል።

ከኪየቭ እስከ ሞስኮ

ቭላድሚር የተጠመቀው የቢዛንታይኑን ንጉሥ የዳግማዊ ባስልዮስን እህት አናን በሚያገባበት ጊዜ ነው። አያቱ ኦልጋ ቀድማው ክርስቲያን ሆና ነበር። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ሃይማኖት እንዲመርጡ የላካቸው ሰዎች ቁስጥንጥንያ ሐጊያ ሶፊያ ገብተው ባዩት ቅዳሴ ልባቸው ተሰርቋል። ትረካው አፈ ታሪክ ቢመስልም የነገሩን ባሕርይ ይጠቁማል፤ እምነቱ ከክርክር ይልቅ በሥርዓት ውበት ነው የገባው። ቅዳሴው ግሪክኛ አልነበረም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ቄርሎስና መቶድዮስ መሠረቱን በጣሉለት የስላቮች የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ይቀደስ ነበር፤ ይህ ቋንቋ ከአፍ መፍቻው ሩስያኛ እየራቀ ሄዶ ዛሬ ግእዝ በእኛ ዘንድ የሚሰጠውን አገልግሎት ይሰጣል።

ሊቃነ ጳጳሳቱን ለዘመናት ትሾም የነበረችው ቁስጥንጥንያ ስትሆን አብዛኞቹ ግሪኮች ነበሩ። ቁስጥንጥንያ በ1439 በፍሎረንስ ከሮም ጋር ስትታረቅ ሞስኮ አሻፈረኝ አለች፤ በ1448 የሩስያ ጳጳሳት ራሳቸው ዮናስን ሾሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቁስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ ወደቀች። ለሞስኮ ሰዎች ይህ ፍርድ ነበር፤ ግሪኮች እምነታቸውን ስለሸጡ ከተማቸውን አጡ። የፕስኮቩ መነኩሴ ፊሎቴዎስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሞስኮን ሦስተኛዋ ሮም ብሎ የጻፈው በዚህ መንፈስ ነው። በ1589 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ኤርምያስ ሞስኮ ድረስ መጥቶ ኢዮብን የመጀመሪያው የሩስያ ፓትርያርክ አድርጎ ሾመ።

ታላቁ መከፋፈል

በ1551 በሞስኮ የተሰበሰበው ጉባኤ ክርስቲያን ሁሉ በሁለት ጣት እንዲያማትብ ወስኖ ነበር። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ፓትርያርክ የሆነው ኒኮን ግን የሩስያን ሥርዓት በጊዜው ከነበረው የግሪኮች ሥርዓት ጋር ማስተካከል ፈለገ። በ1653 ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ለሞስኮ አብያተ ክርስቲያናት ትእዛዝ ላከ፤ ማማተብ በሦስት ጣት ይሁን፣ በጾሙ ጸሎት ላይ ከሚሰገዱት የምድር ስግደቶች አብዛኞቹ ከወገብ ጎንበስ በማለት ይተኩ። ሌላውም ተከተለ። ሁለቴ ይባል የነበረው ሃሌ ሉያ ሦስቴ ሆነ። ፀሐይን ተከትሎ ይደረግ የነበረው ዑደት አቅጣጫው ተገለበጠ። በኢየሱስ ስም ላይ አንድ ፊደል ተጨመረ። በጸሎተ ሃይማኖት መንፈስ ቅዱስን «እውነተኛ» የሚለው ቃል ወጣ። መጻሕፍቱ የታረሙት «በጥንቱ የግሪክ ቅጂ» ነው ቢባልም ለእርማት ከዋሉት መካከል ቬኒስ ላይ የታተሙ አዳዲስ መጻሕፍት ነበሩ፤ ይህን ተቃዋሚዎቹ አልሳቱትም።

ኒኮን ከንጉሡ ከአሌክሲስ ጋር ተጣልቶ በ1666 ከመንበሩ ተሻረ። የአንጾኪያና የእስክንድርያ ፓትርያርኮች የተገኙበት ያው ጉባኤ ግን በ1667 ማሻሻያውን አጽድቆ የጥንቱን ሥርዓት የያዙትን አወገዘ፤ የ1551ን ውሳኔም ሻረ። ጉዳዩን የጣት ጠብ ብሎ ማቃለል የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ሁለት ጣት ማማተብ የሚያስወግዝ ከሆነ በሁለት ጣት ሲያማትቡ ኖረው ያረፉት ቅዱሳን፣ እነ ሰርግዮስ ዘራዶኔዥ፣ የት ሊቆሙ ነው? ሦስተኛዋ ሮም ከሳተችስ አራተኛ ከየት ይመጣል? ለብዙዎች መልሱ አንድ ነበር፤ ሐሳዊ መሲሕ መጥቷል። (ለተዋሕዶ አንባቢ አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ የተነሡት ሁለቱ ጣቶች የክርስቶስን ሁለት ባሕርያት ያመለክታሉ ይባል ነበር። ሁለቱም ወገኖች ኬልቄዶናውያን ስለነበሩ በዚህ አልተጣሉም።)

የተቃዋሚዎቹ ዋነኛ ድምፅ ቄስ አቫኩም ነው። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ፣ ተመለሰ፣ እንደገና በሰሜኑ በረዶ ምድር ፑስቶዘርስክ ከመሬት በታች ባለ ጉድጓድ ታሰረ። የሕይወት ታሪኩን እዚያ ሆኖ በሰፈር ሩስያኛ ጻፈ፤ በዘመኑ ደፍሮ እንዲህ የጻፈ አልነበረም። በመጽሐፉ ውስጥ ከውግዘቱና ከግርፋቱ መሀል በሳይቤሪያ ለልጆቹ በቀን ሁለት እንቁላል ትጥል ስለነበረች ጥቁር ዶሮ ይተርካል፤ በጉዞ ላይ ስትሞትበት ያዘነው ሐዘን እስካሁን አንባቢን ይነካል። በ1682 ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር በእሳት ተቃጠለ። ከመኳንንቱ ወገን የሆነችው ሞሮዞቫ ቀደም ብላ በ1675 ቦሮቭስክ እስር ቤት በረሃብ ሞታለች። ሠዓሊው ሱሪኮቭ በ1887 ሰንሰለት እንደታሰረች፣ በበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ስትወሰድ፣ ሁለት ጣቷን ወደ ላይ እንደዘረጋች ሥሏታል።

የሶሎቬትስኪ ገዳም መነኮሳት አዲሶቹን መጻሕፍት አንቀበልም ብለው ከ1668 እስከ 1676 የንጉሡን ጦር ተቋቋሙ። የ1685ቱ ሕግ እምቢተኞችን እስከ ሞት ሲቀጣ፣ ወታደር ሲደርስባቸው ጸሎት ቤታቸውን በላያቸው ላይ ለኩሰው የሚያልቁ መንደሮች በዙ። ታላቁ ጴጥሮስ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ፤ እጥፍ ግብር ጣለባቸው።

የጥንቱ ሥርዓት አማኞችን የከፈላቸው የካህን እጦት ነው። ከጳጳሳት ወገን የሚቀጥልላቸው ስላልነበረ የቀድሞዎቹ ቀሳውስት ሲያልቁ አዲስ የሚቀስስ ጠፋ። አንዱ ወገን ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የሚኮበልሉ ካህናትን መቀበል ጀመረ፤ በ1846 የቦስንያው ሊቀ ጳጳስ የነበረው አምብሮስ ሲቀላቀለው የራሱን ክህነት አገኘ። ሌላው ወገን ክህነት ከምድር ጠፍቷል ብሎ ያለ ቅዳሴና ያለ ቁርባን መኖርን መረጠ፤ ምእመናን ያጠምቃሉ፣ ንስሐም ይሰማሉ። ቄስ ከሌለ ጋብቻ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ይህን ወገን እንደገና ሰነጣጥቆታል።

ሞስኮ በ1771 በወረርሽኝ ስትመታ ከከተማው ዳር ባሉት በሮጎዥስኮየና በፕረኦብራዤንስኮየ መቃብር ቦታዎች እንዲሰፍሩ ተፈቀደላቸው። ከእነዚህ ቦታዎች የሩስያን ኢንዱስትሪ የገነቡ ነጋዴዎች፣ እነ ሞሮዞቭና ራያቡሺንስኪ፣ ወጡ። መንግሥት በ1856 ያሸገው የሮጎዥስኮየ መቅደስ የተከፈተው በ1905 የፋሲካ ዋዜማ ነው። የሞስኮ መንበረ ፓትርያርክ ውግዘቱን ያነሣው ደግሞ በ1971 ነው።

ከሥርዓቱ ውጭ

ጴጥሮስ በ1721 ፓትርያርክነትን አስቀርቶ ቤተ ክርስቲያኒቱን በሲኖዶስ፣ ሲኖዶሱንም በንጉሡ ተወካይ ሥር አደረገ። በገበሬው መካከል ግን ካህንም ሥዕልም አያስፈልግም የሚሉ ማኅበራት በዝተው ነበር። ሞሎካኖች ጾሙን ትተው በዐቢይ ጾም ወተት ይጠጡ ነበር። ዱኾቦሮች ወታደርነትን አንቀበልም ብለው በ1895 በደቡብ ካውካሰስ መሣሪያቸውን ሰብስበው አቃጠሉ፤ በ1899 ከሰባት ሺህ የሚበልጡት ወደ ካናዳ ሲሰደዱ ቶልስቶይ «ትንሣኤ» ከተባለው ልብ ወለዱ ያገኘውን ገንዘብ ለጉዞው ሰጥቷል። ከሞሎካኖች የወጣው ኒኪታ ቮሮኒን በ1867 በትብሊሲ ኩራ ወንዝ መጠመቁ የሩስያ ባፕቲስቶች መጀመሪያ ተደርጎ ይታያል።

ከ1917ቱ አብዮት በፊት የተነሣው የመጨረሻው ትልቅ የኦርቶዶክስ ውዝግብ ከኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረ ነው። አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1896 ከሩስያ ቀይ መስቀል ልዑክ ጋር የመጣ የፈረሰኛ መኮንን ነበር፤ ልዑኩን ቀድሞ ከጅቡቲ ሐረር በግመል ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ ደርሷል። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ (ቱርካና) ሐይቅ ዘምቶ ስለ ምኒልክ ሠራዊት መጽሐፍ ጻፈ። በኋላ በአቶስ ተራራ መንኩሶ አንጦንዮስ ተባለ። በ1911 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ገዳም ሊያቋቁም ቢሞክርም አልተሳካለትም።

በአቶስ የነበሩት ሩስያውያን መነኮሳት በዚያን ጊዜ የካውካሰሱ ባሕታዊ ኢላሪዮን በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ተከፋፍለው ነበር። የኢየሱስን ስም ደጋግሞ የሚጠራ መነኩሴ የሚያገኘው ራሱን አምላክን ነው ወይስ የተቀደሰ ስያሜ ብቻ? አንጦንዮስ የመጀመሪያውን ያዘ፤ በጽሑፍም ተሟገተ፣ በጥር 1913 በቅዱስ እንድርያስ ገዳም አበምኔቱን ለማስወጣት በተነሣው ግብግብም ፊታውራሪ ሆነ። ሲኖዶሱ ትምህርቱን አወገዘ። በዚያው ዓመት በጋ የሩስያ ወታደሮች ወደ ቅዱስ ጰንጠሌዎን ገዳም ገብተው፣ አንወጣም ያሉትን መነኮሳት በእሳት ማጥፊያ ቱቦ ውሃ እየረጩ አስወጧቸው። «ኬርሶን» የተባለችው መርከብ ብቻ ከ600 በላይ ጭና ኦዴሳ አራግፋለች። ክርክሩ የመጨረሻ ፍርድ ሳያገኝ አብዮቱ ደረሰ፤ አንጦንዮስንም በ1919 መጨረሻ በቤተሰቡ ርስት ወንበዴዎች ገደሉት።

ከ1917 ወዲህ

አብዮቱ በተካሄደበት ወር የሞስኮ ጉባኤ ፓትርያርክነትን መልሶ ቲኮንን ከሦስት ዕጩዎች በዕጣ መረጠ። ከዚያ የተከተለው ስደት ይታወቃል፤ በ1931 የክርስቶስ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል በፈንጂ ፈረሰ፣ በ1937 እና በ1938 ካህናት በጅምላ ተረሸኑ። ስታሊን በ1943 በጦርነቱ መሀል ሦስት ሊቃነ ጳጳሳትን ክሬምሊን ጠርቶ ፓትርያርክ እንዲመርጡ ፈቀደ። በክሩሽቾቭ ዘመን የባፕቲስቶች ኅብረት መሪዎች በባለሥልጣናት ግፊት ልጆች ወደ ጉባኤ እንዳይመጡ የሚያግድ መመሪያ ሲያወጡ፣ ከ1961 ጀምሮ ብዙዎች ተለይተው ያልተመዘገበ ኅብረት መሠረቱ፤ መሪዎቻቸው ወህኒ ወረዱ።

የ1997ቱ የሃይማኖት ሕግ በመግቢያው የኦርቶዶክስን ልዩ ድርሻ ይጠቅሳል። በኤፕሪል 2017 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የይሖዋ ምስክሮችን ድርጅት «አክራሪ» ብሎ አገደ። በሚቀጥለው ወር ማብቂያ ላይ ፕሬዚዳንት ፑቲን ሮጎዥስኮየ ሄደው ከጥንቱ ሥርዓት አማኞች ሊቀ ጳጳስ ጋር ተገናኙ።