የልዑሉ ቤትና የእኛ ቆላ

በነጌሌ፣ በአሬሮና በገናሌ ወንዝ ዳር ባሉ ደኖች የምትኖር አንዲት ወፍ አለች። ሶሪት ከምንላቸው ወገን ናት። ገላዋ አረንጓዴ ነው፣ ራሷ ላይ ነጣ ያለ ጉትዬ አላት፣ ስትበር ክንፏ ውስጥ ቀይ ቀለም ይታያል። ከደቡብ ኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም። በዓለም የወፍ መዝገብ የተጻፈላት ስም ግን የአንድ ጣሊያናዊ ልዑል ነው፤ ሩስፖሊ ትባላለች።

ይህ ስም ከየት ተነሥቶ የእኛ ደን ውስጥ እንደ ደረሰ ለማወቅ መጀመሪያ ወደ አንድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ከሮም በስተሰሜን፣ በቪተርቦ አውራጃ፣ ቪኛኔሎ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መሐሏ ላይ የሩስፖሊ ቤተሰብ ግንብ ቆሟል። ጥንት ምሽግ ነበር፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማሬስኮቲ በሚባሉ መኳንንት እጅ ገብቶ መኖሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1611 ኦታቪያ ኦርሲኒ የተባለች እመቤት ከግንቡ ጎን የአትክልት ስፍራ አስተከለች። ቁጥቋጦው እየተከረከመ የራሷንና የሁለት ወንዶች ልጆቿን የስም መነሻ ፊደላት እንዲሠራ አደረገች። አራት መቶ ዓመት አልፎም ፊደሎቹ እየተከረከሙ ይነበባሉ። ሩስፖሊ የሚለውን ስም ቤተሰቡ ያገኘው በኋላ በጋብቻና በውርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1707 ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ሃንደል የዚህ ቤት እንግዳ ነበር። በ1709 ደግሞ የሮማው ጳጳስ ቀሌምንጦስ 11ኛ የቤቱን ጌታ ፍራንቼስኮ ማሪያን የቼርቬቴሪ ልዑል ብለው ሾሙት። በእነዚህ መኳንንት ዘንድ መሬት፣ ቤትና ስም አይነጣጠሉም። መሬት የያዘ ስሙን ይጽፍበታል፤ ስም ያለው መሬት ይገባኛል ይላል።

ከዚሁ ዘር ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ1866 ዩጄኒዮ ሩስፖሊ ተወለደ። አባቱ ኤማኑኤሌ የሮም ከንቲባ ነበር። ልጁ በ1892 መጨረሻ ግድም የታጠቁ ሰዎችና ግመሎች አስከትሎ ከበርበራ ተነሣ። ኦጋዴንን አቋርጦ፣ ገናሌንና ዳዋን አይቶ፣ እኛ ጎረቤት ቡርጂ ደረሰ። እዚያው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1893 ዝሆን ገደለው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

የሰበሰበው ዕቃ ጣሊያን ገባ። ከውስጡ የአንዲት ወፍ ቆዳ ተገኘና ሳልቫዶሪ የተባለ የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። ልዑሉ ወፏን የት እንዳገኛት ሳይጽፍ ስለ ሞተ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መኖሪያዋን ሳያውቁ ቆዩ። የጉጂና የቦረና እረኛ ግን ከብቱን ይዞ ሲወጣ ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ያያት ነበር። የጠየቀው አልነበረም።

ሩስፖሊ ብቻውን አልነበረም። በዚያው ዘመን የመጣው ቦቴጎ ገናሌን «ገናሌ ዶሪያ» አለው። ዶሪያ የጄኖቫ ታላቅ የመኳንንት ቤት ነው፤ የተከበረው ማርኪስ ጃኮሞ ዶሪያ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ወይብ ወንዝ ላይ «ጌስትሮ» የሚል የሙዚየም ሰው ስም ተቀጠለ። አባያ ሐይቅም በንግሥታቸው «ማርጌሪታ» ተባለ። አሳሾቹ ዕውቀት ፍለጋ መምጣታቸው እውነት ነው። ሆኖም የሰው አገር ወንዝ በራስ አገር ጌታ ስም ካርታ ላይ ሲገባ፣ ካርታውን የሚያነበው መንግሥት አገሩ ባለቤት ያለው አይመስለውም።

ከአርባ ዓመት በኋላ ያንን ካርታ ይዞ ጦር መጣ። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊታቸውን በገናሌ በኩል ወደ ዶሎ አዝምተው ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ጣቢያ ደበደቡ። ጥር 3 የግራዚያኒ ጦር ማጥቃት ጀመረ። ጥር 11፣ አገሩ ጥምቀትን በሚያከብርበት ቀን፣ ነጌሌ ተያዘች። ራስ ደስታ ግን እጅ አልሰጡም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ተዋግተው የካቲት 17 ቀን 1929 ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ። የአውሮፓ መጻሕፍት ይህን ውጊያ ዛሬም የሚጠሩት «ገናሌ ዶሪያ» ብለው ነው። ወገኖቻችን የሞቱበት ሜዳ እንኳ የጄኖቫን ቤት ስም ተሸክሟል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በፊት የእነሱ ስም በእኛ ወንዝ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ አሁን የእኛ ከተማ ስም ለእነሱ ማዕረግ ሆነ። ባዶሊዮ «የአዲስ አበባ መስፍን» ተባለ። ግራዚያኒ፣ የየካቲት 12 እና የደብረ ሊባኖስ ጨፍጫፊ፣ «የነጌሌ ማርኪስ» ሆነ። አንድ የባሕር ሰርጓጅ መርከብም ነጌሌ ተብሎ ተሰየመ። እንግሊዞች ያቺን መርከብ ከነሠራተኞቿ ያሰጠሟት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1941 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 1933 ይሆናል፤ ነጌሌ በተያዘች በአምስት ዓመቷ፣ በዕለተ ጥምቀት።

እ.ኤ.አ. በ1948 የጸናው የጣሊያን ሕገ መንግሥት የመኳንንት ማዕረግን ዕውቅና ነፈገ። ከማዕረግ ጋር ያለውን የቦታ ስም ከቤተሰብ ስም ጋር ይዞ መቀጠል የተፈቀደውም ከኦክቶበር 28 ቀን 1922፣ ማለትም ከፋሺስቶች መምጣት በፊት ለነበረው ብቻ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የነጌሌ ማርኪስ የሚባል ሰው የለም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በተባለች ከተማ በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት። ያሠሩት ከንቲባ ከአምስት ዓመት በኋላ በጣሊያን ፍርድ ቤት ፋሺዝምን በማወደስ ተፈርዶባቸዋል። ሕጉ የሻረውን ስም የሚያስታውስ ሰው እዚያ አልጠፋም።

እኛስ? የቡሌ ሆራ ሰው ስም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል፤ ከተማችን እስከ ቅርብ ጊዜ ሀገረ ማርያም ትባል ነበር። ስለ ማይጨው በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ስለ ገናሌ ውጊያ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? የቪኛኔሎ ቤት ታሪክ እስከ ዛሬ የቆየው ግድግዳው ስለ ጠነከረ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን የሚያስቀምጥና ቁጥቋጦውን የሚከረክም ሰው በየትውልዱ ስለ ነበረ ነው። እኛም የማስታወሻ ቤት አጥተን አናውቅም። ቦረናና ጉጂ በየስምንት ዓመቱ በሚተላለፈው ገዳ ዘመንን ይቆጥራሉ፤ ሥርዓቱን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በየትኛው አባ ገዳ ዘመን ምን እንደሆነ የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። አባቶቻቸው የ1928ቱን ጦርነት ያዩ ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ይህን ለመቅዳት በኪሳችን ያለው ስልክ ይበቃል።

በትንሹ እንጀምር። የጉጂና የቦረና ሽማግሌዎች ያቺን ወፍ ማን ብለው እንደሚጠሯት ጠይቁ። ስሟን፣ የነገሯችሁን ሽማግሌ ቀበሌና ስለ ወፏ የሚባለውን ጨምራችሁ ጻፉልን። በቻናሉ ላይ እናወጣዋለን።