«በልቡ ምን ተሰማው?» ከሞተ ሙሴ እስከ ሰብለ ወንጌል

ውድ የቂርያት ዔቅሮንና የአካባቢዋ አንባቢያን፣ በተለይም በቅርቡ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ በዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ የቆየ ልማድ እናወጋችኋለን። ሰው በታሪክ የሰማውን ወይም በመጽሐፍ ያነበበውን ሰው ከልቡ ሲወደው፣ ነገሩ በተጻፈው ብቻ አያበቃለትም። «ያን ጊዜ በልቡ ምን ተሰምቶት ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም ከራሱ ልብ አውጥቶ በተረት፣ በዘፈን፣ በሥዕል ወይም በጽሑፍ ይሠራዋል።

ይህን ነገር በቤታችሁ ሳታዩት አልቀራችሁም። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሙሴን እናት ዮካብድን በወንዝ ዳር እያለቀሰች ሥላ ታመጣለች። ወይም በቴሌቪዥን ያየችውን ታሪክ መጨረሻውን ለውጣ በዕብራይስጥ ትጽፋለች። እናንተም «ትምህርትሽን ትተሽ ምን ትሞነጫጭሪያለሽ?» ትሏት ይሆናል። ከመቆጣታችሁ በፊት ግን የገዛ አባቶቻችሁን ሥራ እንድታስታውሱ እንጠይቃችኋለን።

ኦሪት ዘዳግም በመጨረሻው ምዕራፍ ስለ ሙሴ ሞት የሚነግረን በጥቂት ቃል ነው። ናባው ተራራ ላይ ወጣ፣ ምድሪቱን ከሩቅ አየ፣ በ120 ዓመቱ ሞተ፣ መቃብሩንም የሚያውቅ የለም፤ ሕዝቡም 30 ቀን አለቀሰለት። ሚስቱንና ልጆቹን እንዴት እንደ ተሰናበተ ግን በዚያ ምዕራፍ አልተጻፈም።

ቤተ እስራኤል ግን ይህን ጥያቄ ዝም ብለው አላለፉትም። በግዕዝ ተጽፎ በቄሶቻችን እጅ የቆየ «ሞተ ሙሴ» የሚባል መጽሐፍ አለ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያ ባሕር የከፈለው፣ በፈርዖን ፊት የቆመው ሙሴ፣ የሞቱ ቀን መድረሱን ሲሰማ እንደ ማንኛችንም ይደነግጣል። ቤተሰቡን ለመሰናበት ይሄዳል፤ እሱም ያለቅሳል፣ እነሱም ያለቅሳሉ። ኋላም መቃብር የሚቆፍሩ ሰዎች ያገኛል። ሰዎቹ መላእክት ናቸው፤ መቃብሩም የራሱ ነው።

ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የተጓዘው ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1906 በፓሪስ አሳተመው። ታሪኩ በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ከሚነገሩ ታሪኮች ጋር ዝምድና እንዳለው ምሁራን ይናገራሉ። ይሁን እንጂ አባቶቻችን ተቀብለው፣ በገዛ እጃቸው ገልብጠው፣ በገዛ እንባቸው አንብበው የራሳቸው አደረጉት። ይህን ሲያደርጉም ኦሪትን ለመለወጥ አልነበረም፤ ሙሴን ስለ ወደዱት ነው። «ተእዛዘ ሰንበት» በተባለው መጽሐፍም ሰንበት ራሷ እንደ ሰው ሆና በፈጣሪ ፊት ለኃጢአተኞች ትለምናለች። ዕለቲቱን ከመውደዳቸው የተነሣ ልብና አንደበት ሰጧት ማለት ነው።

ልጆቻችሁ እዚህ በትምህርት ቤት ሚድራሽ የሚባል ይማራሉ። እሱም ከዚሁ ወገን ነው። ኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም ይስሐቅን ለመሥዋዕት እንደ ወሰደው ይነግረናል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ምዕራፍ ሣራ በ127 ዓመቷ መሞቷን እናነባለን። እናቲቱ ወሬውን ስትሰማ ምን ሆነች? ኦሪት ዝም ትላለች። የጥንት ሊቃውንት ግን ጠየቁ፤ መልሰውም ሣራ ወሬው ሲደርሳት ስድስት ጊዜ ጮኻ ነፍሷ እንደ ወጣች ተረኩ። ጩኸቷንም እኛ ብርሃን ሠረቀ በምንለው በሮሽ ሃሻና ከሚነፋው ቀንደ መለከት፣ ከሾፋሩ ድምፅ ጋር አያያዙት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ታልሙድ በጎንደር መንደሮቻችን አልነበረም። ሆኖም እኛም እነሱም የምንወዳቸውን ሰዎች ልብ ለማወቅ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስንጠይቅ ኖረናል።

ይህ ልማድ በቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ አልቀረም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው የድሃ ልጅ በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል እንዴት እንደ ተዋደዱ፣ የዘር ትምክሕትም እንዴት እንደ ለያያቸው ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ሰጠው፤ ማንበብ የማይችለውም ሰው ከሬዲዮው ሥር ተቀምጦ ለሰብለ አለቀሰ። ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ድምፃዊው ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) ከዚሁ ፍቅር ተነሥቶ «ማር እስከ ጧፍ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። ደራሲው የጨረሱትን ታሪክ ወዳጆቹ ገና አልጨረሱትም።

ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ ስለምን ነው? ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ እናት፣ ወንድም ወይም ልጅ ትታችሁ የመጣችሁ ናችሁ። የተሰናበታችሁባትን ሰዓት ለልጆቻችሁ አትነግሯቸውም፤ ያማል። ልጆቹም አይጠይቁም፤ ወላጆቻቸውን ማስለቀስ አይፈልጉም። ደግሞም ቀን በቀን የእነሱ ዕብራይስጥ እየጠነከረ፣ አማርኛቸው እየሳሳ ይሄዳል። በአንድ ቤት ሁለት ዝምታ ይኖራል።

ሰው በራሱ ስም ሊናገረው ያልቻለውን ኀዘን በሚወደው ሰው ስም ሊናገረው ይችላል። ሞተ ሙሴን የገለበጠው ጸሐፊም ስለ ሙሴ ስንብት ሲጽፍ የራሱን ሟቾች ሳያስብ የቀረ አይመስለንም። ያቺ ዮካብድን የሣለች ልጅም ምናልባት የምትሥለው በጎንደር የቀረችውን አያቷን ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን አትጣሉባት። «ዮካብድ ምን እያለች ነው የምታለቅሰው?» ብላችሁ ጠይቋት።

በመጪው ሰንበትም እንዲህ ሞክሩ። አያት ካለች በአማርኛ «ሙሴ ልጆቹን ሲሰናበት እንዲህ ብሎ ይሆናል» ብላ ትጀምር። ልጅቷ በዕብራይስጥ ትቀጥል፤ መካከለኛው ልጅ ያስተርጉም። ሞተ ሙሴን የሚያውቁ ቄስ በአቅራቢያችሁ ካሉ፣ ሄዳችሁ እንዲነግሯችሁ ለምኑ፤ ግዕዝ የሚያነቡ ሽማግሌዎቻችን ቁጥራቸው እያነሰ ነውና ለነገ አታቆዩት። የሰማችሁትን ልጆቹ ይጻፉት፣ ይሣሉትም። በዚያች ማታ ስለ ሙሴ ስትጫወቱ፣ ስለ ራሳችሁ ስንብትም ሳታስቡት ታወሩ ይሆናል።

ሰንበት ሰላም።