አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ካርታን ለፓርቲ ጥቅም መቁረጥ ለምን አልተከለከለም?

መራጮች ተወካዮቻቸውን ይመርጣሉ፤ የተማርነው እንደዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ አንዳንዴ ይገለበጥና ተወካዮች መራጮቻቸውን ይመርጣሉ። እንዴት? ካርታ በመሥራት።

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች አሉት። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠርና መቀመጫዎቹ ለግዛቶቹ ይደለደላሉ። ከዚያ ግዛቶቹ በምርጫ ክልል ይከፋፈላሉ፤ ከአንድ ክልል የሚያሸንፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች መስመሩን የሚያሰምረው የግዛቱ ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ምክር ቤቱን የያዘ ፓርቲ እርሳሱንም ያዘ ማለት ነው።

የእርሳሱን ጉልበት በትንሽ ሒሳብ እንየው። 25 መራጮች አሉ እንበል፤ 15ቱ የ«ሀ» ፓርቲ፣ 10ሩ የ«ለ» ፓርቲ ደጋፊዎች ናቸው። አምስት አምስት ሰው ያለባቸው 5 ክልሎች እንሥራ። በየክልሉ 3 የ«ሀ» እና 2 የ«ለ» ሰዎች ብናስገባ «ሀ» አምስቱንም መቀመጫ ይጠቀልላል። አሁን ደግሞ የ«ሀ»ን ሰዎች አንዱ ክልል ውስጥ 5፣ ሌላው ውስጥ 4 አድርገን እንጠቅጥቃቸው። በቀሩት ሦስት ክልሎች «ለ» 3 ለ 2 ያሸንፋል። በ10 ድምፅ 3 መቀመጫ፣ በ15 ድምፅ 2 መቀመጫ! አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም፣ አንድም ኮሮጆ አልተሰረቀም። የተቀየረው መስመሩ ብቻ ነው።

ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲው የሚያደላ የክልል አከፋፈል ሕግ ላይ ፈረመ። አንደኛው ክልል በጣም ከመጠማዘዙ የተነሳ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት መሰለ። የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሣለውና የሰውዬውን ስም ከእንስሳው ጋር አዳቅሎ «ጌሪማንደር» አለው። ጌሪ ራሱ በዚያ ዓመት ሥልጣኑን አጣ። ፓርቲው ግን በድምፅ ተበልጦ እንኳ በግዛቱ ሴኔት ከ40 መቀመጫዎች 29ኙን ወሰደ።

ታዲያ ከ200 ዓመት በላይ የሚታወቅ ዘዴ እንዴት ሳይከለከል ቀረ? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ የተከለከለውን እንይ።

አንደኛ፣ የሕዝብ ቁጥር። ቴነሲ ከ1901 ጀምሮ ለ60 ዓመት ያህል ካርታዋን አላስተካከለችም ነበር። ሰዉ ወደ ከተማ ሲጎርፍ የገጠሩ ድምፅ ከከተማው ድምፅ የበለጠ ዋጋ ያዘ። ፍርድ ቤቶች «ይህ የፖለቲካ ጉዳይ ነው፣ አንገባበትም» ይሉ ነበር። በ1962 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቋሙን ቀየረና በሩን ከፈተ። በ1964 «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለው መርህ ጸና፤ ክልሎች በሕዝብ ብዛት መመጣጠን አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ዘር። የአላባማዋ ተስኪጊ ከተማ ወሰን ካሬ የነበረው ተቀይሮ 28 ጎን ያለው ቅርፅ ተደረገ፤ ጥቁር መራጮች በሙሉ ለማለት ይቻላል ከከተማዋ ውጭ ቀሩ። ይህ በ1960 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተወገዘ። ሕገ መንግሥቱ ማንም በዘሩ ምክንያት የመምረጥ መብቱን እንዳይነፈግ በግልጽ ይናገራልና።

ሦስተኛው ፓርቲ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ኢንጂነሪንግ ስንማር መጀመሪያ ከሚገቡን ነገሮች አንዱ መለካትና መፍረድ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ካሊፐር የአንድ ዘንግ ውፍረት 20.03 ሚሊሜትር ነው ይላችኋል። ይለፍ ወይስ ይጣል የሚለውን ግን ካሊፐሩ አያውቅም። ያንን የሚወስነው ንድፉ ላይ የተጻፈው ቶለራንስ፣ ማለትም የሚፈቀደው የልዩነት መጠን ነው። ለሕዝብ ቁጥር ቶለራንሱ ይታወቃል፤ እኩል ይሁን። ለፓርቲ አድልዎ ግን ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ይህ ክርክር በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። በሰሜን ካሮላይና ሪፐብሊካኖች ከ13 መቀመጫዎች 10ሩን የሚያስገኝላቸው ካርታ ሠርተው ነበር። ካርታውን ከመሩት እንደራሴዎች አንዱ 10 ለ 3 እንዲሆን ያቀረበው 11 ለ 2 ማድረግ የሚቻል ስላልመሰለው እንደሆነ በይፋ ተናገረ። በ2016 ፓርቲው በ53 በመቶ ድምፅ ልክ 10 መቀመጫ አገኘ። ዴሞክራቶችም እጃቸው ንጹሕ አልነበረም። በሜሪላንድ ከአንድ ክልል 10,000 ያህል ሰው ብቻ መቀነስ ሲበቃ፣ 360,000 ያህሉን አውጥተው 350,000 ያህል አስገቡ። ከገቡት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከፊል አካባቢዎች ይገኙበታል።

ልኬቱስ አስቸጋሪ ነበር? አልነበረም። አንድ ባለሙያ የፓርቲን ጥቅም ሳያይ በኮምፒውተር 24,518 የሰሜን ካሮላይና ካርታዎችን ሠራ። ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለዴሞክራቶች ቢያንስ አንድ ተጨማሪ መቀመጫ የሚሰጡ ነበሩ። እውነተኛው ካርታ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ለማየት ይህ ይበቃል።

ፍርድ ቤቱ ግን 5 ለ 4 ወሰነ፦ የፌደራል ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ አይገቡም። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ድርጊቱን ፍትሐዊ ነው አላሉም፤ እንዲያውም ከዴሞክራሲ መርህ ጋር እንደማይስማማ ተቀብለዋል። ጥያቄያቸው «ምን ያህል ሲሆን ነው በዛ የሚባለው?» የሚል ነበር። ካርታ መሥራትን ለፖለቲከኞች የሰጠው ሕገ መንግሥቱ ራሱ ስለሆነ ጥቂት አድልዎ አይቀርም፤ ገደቡን ደግሞ ዳኛ ከኪሱ አያወጣም። ዳኛ ኤሌና ኬገን በልዩነት ሐሳባቸው ተቃወሙ። ትክክለኛው ቁጥር ባይታወቅም ጫፍ የወጣውን መለየት ይቻላል፣ ግዛቱ ራሱ ያወጣው መስፈርትም መነሻ ይሆናል አሉ።

እንግዲህ የተፈቀደው ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ ቶለራንሱን የሚጽፍ ስለጠፋ ነው። ኮንግረስ ወይም ግዛቶቹ ሊጽፉት ይችላሉ፤ ግን እርሳሱን የያዙት በዚያው እርሳስ ያሸነፉት ናቸው። በሕዝበ ውሳኔ መስመሩን ለገለልተኛ ኮሚሽን የሰጡ እንደ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያና ሚሺጋን ያሉ ግዛቶች አሉ። ያም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በ2025 ቴክሳስ ቆጠራ ሳይደርስ ካርታዋን ለሪፐብሊካኖች ስትቀይር፣ የካሊፎርኒያ መራጮች አጸፋውን ለመመለስ ሲሉ የኮሚሽናቸውን ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን አደረጉት።

እስከ 1962 ድረስ የሕዝብ ቁጥር እኩልነትም «ዳኛ የማይገባበት» ነበር። የተቀየረው የመለኪያ መሣሪያ ተፈልስፎ አይደለም፤ መቁጠርማ ድሮም ይቻል ነበር። የተቀየረው ገደቡን ለማስመር የደፈረ ሰው መገኘቱ ነው።